ውኃው ሞልቷል፤ ጣሪያው የታለ?

ባለፈው ሰሞን ኦሎምፒያ ከሚገኙት ቡና ቤቶች በአንደኛው ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው እዚያው ሰፈር ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው የአንድ ድርጅት ባልደረባ ነው። ዓርብ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ቢሾፍቱ ወርደው ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን እንደሚያሳልፉ አጫወተን። «ሪትሪት» ይሉታል። ጭንቀት የሚያራግፍ አሠልጣኝ ተቀጥሮላቸዋል። ክብ ሠርተው እየተቀመጡ በየተራ የሆዳቸውን ይናገራሉ፤ በጠዋት ተነሥተው በዝምታ ይራመዳሉ፤ ማታ እሳት ከብበው ያመሻሉ። አበሉም አይከፋም። እሰየው አልነው። ወዲያው እኔ ደግሞ አክስቴ ለፍልሰታ ጠበል ቦታ ሱባኤ ልትገባ እየተሰናዳች መሆኗን ባነሣ፣ ይኸው ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ «በዚህ ዘመን?» አለኝ።

ሁለተኛው ወዳጄ በአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የሚያገለግል ሰው ነው። በመጀመሪያው ንግግር ፊቱ ቀላና «እምነቱ ካላት ጠበሉ ብቻ ይበቃታል፤ ሌላ ምንም አያስፈልጋትም» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ይልቁንም የባሰ የተሳሳተው ሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ጥቂት ቃል ይበቃዋል፤ ለሁለተኛው ግን ረዘም አድርጌ እመልስለታለሁ። ወዳጅነታችን እንደሚችለው ተስፋ አለኝ።

ቢሾፍቱ ወራጁ ወዳጄ ሆይ! ከቤት ወጥቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ማደር፣ ምግብ መቀነስ፣ ዝም ማለት፣ ሌሊት ተነሥቶ መቆም፣ የከበደውን ለንስሐ አባት ተናግሮ መቅለል፣ ይኸ ሁሉ በዚህ አገር አሠልጣኝ ሳይቀጠርለት ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ነገር ነው። ሱባኤ የሚለው ቃል ራሱ ከሰባት ቁጥር የወጣ ነው፤ የአንተ ሦስት ቀን ግማሹም አይሞላም። ደግሞስ ይህች ከተማ የማን ልጅ ናትና ነው ውኃ ፍለጋ የሄደ ሰው የሚሳቅበት? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃ ዳር ባይሰፍሩና በ1879 ዓ.ም. ቦታውን ወድደው «አዲስ አበባ» ባያሰኙት ኖሮ፣ አንተም ዛሬ ኦሎምፒያ ላይ ማኪያቶ አታዝም ነበር። ለአንተ ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ሰበካ ጉባኤው ሰው ልመለስ።

ልጅ ሳለሁ፣ በ1998 ዓ.ም. መሆን አለበት፣ ከኦሎምፒያ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በነበረው ግቢያችን እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ጎረቤት ነበሩን። እኛ ልጆች እትዬ እንላቸው ነበር። ከስተው፣ ጠቁረው፣ ሳሉ አልለቅ ሲላቸው በከተማው ዳርቻ ካሉት ጠበል ቦታዎች ወደ አንዱ ሄዱ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ደብር ጋር አይደለም። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሶና ሽሮ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ትጠይቃቸው ነበር።

እትዬ የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከአካባቢው ነዋሪ በተከራዩት የጭቃ ቤት ነበር። ቤት ያልኩት ለመናገር ያህል ነው። አራት እርምጃ በሦስት የምትሆን ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ይተኛሉ፤ የሚከራዩት ክፍሏን ሳይሆን የሚተኙበትን መደብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮና ላስቲክ የተቀጣጠለ በመሆኑ ዝናብ ሲመጣ ሳፋና ጣሳ ይደረደራል። የእትዬ መደብ ከሚያፈሰው በታች ስለነበር እግራቸውን አጥፈው ነበር የሚተኙት።

ነገር ግን በዚያች ክፍል ያየሁትን ሥርዓት ከዚያ ወዲህ በየትም ቢሮ፣ በየትም ማኅበር አላየሁም። ጉልበት ያላት የሌላትን አዝላ ሌሊት ወደ መጠመቂያው ትወስዳለች። ሌላዋ ከጾሙ መልስ ንፍሮ ታደርሳለች። አንዷ የጎንደር፣ አንዷ የወላይታ፣ አንዷ ባሏ ያባረራት የመርካቶ ነጋዴ ነበረች። ገንዘብ ያዧ እትዬ ናቸው፤ ያላት ትሰጣለች፣ የሌላት አትጠየቅም፣ ሁሉም ከእትዬ መሐረብ ጫፍ ይቋጠራል። ከስድስቱ አንዷ ያረፈች ዕለት ዘመድ የሚባል ብቅ አላለም። ያጠቧት፣ መግነዝ የገዙላት፣ አልቅሰው የቀበሯት አምስቱ ናቸው። እድር አልነበራትም፤ እነርሱ እድር ሆኑላት።

ስለዚህች ሟች አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እርሷም እትዬም መድኃኒቱን አግኝተው ነበር። ሆኖም በጠበሉ ቦታ ከሚያስተናብሩት አንዱ «ክኒንና ጠበል አይቀላቀልም፤ አንዱን ምረጡ» ይል ኖሯል። ሟቿ የተባለችውን አድርጋ ጣለችው። እትዬ ግን በመቀነታቸው ቋጠሩት። ሰዓት የነበራት የመርካቶዋ ሴት ብቻ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ጊዜ ትስላለች፤ ያን ጊዜ እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውጣሉ። ክፍሏ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያወጣባቸው ግን የለም።

እትዬ ዛሬም በሕይወት አሉ። ያዳናቸው ጠበሉ ነው ወይስ ክኒኑ የሚለውን ክርክር ለሚከራከርበት ትቼዋለሁ። እርሳቸውን ብትጠይቁ ሁለቱንም ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ልጆቹስ» ይላሉ፤ አምስቱን ሴቶች ማለታቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉድ ጨርሳ አላየችም ብዬ አልዋሽም። በእንጦጦ ማርያም ጠበል በሺህ የሚቆጠር ሕመምተኛ በተራራው ላይ ሰፍሮ በነበረበት ጊዜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት የማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስታውቀዋል። ያ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ እርሱ ይወቀው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተነግሮ ቢሆን የእትዬ ጓደኛ ትሰማው ነበር እያልኩ ማሰቤ አልቀረም። ዳሩ ግን ቃሉ ከተነገረም በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ያደረው በላስቲክ ሥር ነው።

ወዳጄ አገልጋይ ነህና ስለ መጻጉዕ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት በስሙ ይጠራል። 38 ዓመት ታሞ መጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ሳለ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። ውኃ ጠፋ ብሎ አላማረረም፤ እምነት አነሰኝም አላለም። ያጣው ወደ ውኃው የሚያወርደውን ሰው ነበር። እንግዲህ ጠበሉ ብቻ ይበቃል የምትለውን ከየት አመጣኸው? ሌላም ነገር አለ፤ በስብከት ላይ ቶሎ የሚታለፍ። ወንጌላዊው ያቺ መጠመቂያ አምስት መመላለሻ እንደነበራት ጽፏል። መመላለሻ ማለት ከላዩ የተከደነ ማረፊያ ነው፤ ዕውሩም አንካሳውም የተኛው በዚያ ሥር ነው። የኢየሩሳሌም ድውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበራቸውን ጣሪያ የእኛዎቹ ዛሬም በመደብ ሒሳብ ከግለሰብ ይከራዩታል።

ገንዘብ የለም እንዳትለኝ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን የነበራትን እንዳጣች አውቃለሁ። ካህኑም ደመወዝ ይበላል፤ ስለዚህ ሱቅ ማከራየት ኃጢአት ነው የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከኦሎምፒያ ተነሥተህ ከተማውን አንድ ጊዜ ዙር። የስንቱ ደብር አጥር ነው በኪራይ ሱቅ የተከበበው? ፎቅ ያቆሙም አሉ። ከሥሩ ሞባይል ይጠገናል፣ ከላዩ የሙሽራ ልብስ ይሰፋል፣ ማዕዘኑን ባንክ ይዞታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ይህ ወለል የጠበልተኛ ነው» የተባለው የትኛው ነው? የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ገዳማት መኖራቸውን አልክድም፤ እግዜር ይስጣቸው። ከመጣው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን የጎርፍ ማሰሮ ናቸው።

ይህን ስል የፈረንጅ ሐሳብ አመጣብን የሚለኝ አይጠፋም። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ የቅዱስ ባስልዮስ ነው። ይህ ባስልዮስ ከ1,600 ዓመት በፊት የቂሣርያ ጳጳስ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ድሀው የሚጠለልበት፣ መንገደኛው የሚያድርበት፣ ለምጻሙ ሳይቀር ተጠግቶ የሚታከምበት መንደር ሠራ፤ ሐኪምም ነበረበት። ቦታው ከመስፋቱ የተነሣ አዲስ ከተማ እስከ መባል ደርሷል። እኛ የባስልዮስን ቅዳሴ ይዘን ቤቱን ጥለነዋል።

«ሱባኤ ምቾት አይሻም፤ ቅዱሳኑ በዋሻ ነበሩ» ብለኸኛል፣ ያን ዕለት ከቡና ቤቱ ስንወጣ። ዋሻ እኮ ጣሪያ አለው! ጤነኛ ሰው ወድዶ በድንጋይ ላይ ቢተኛ ተጋድሎ ነው። ሳንባዋ የታመመ ሴት ጎርፍ የሚገባበት መደብ ላይ ከፍላ ስትተኛ ግን ተጋድሎ ብለን ስም ልናወጣለት ድፍረቱ ሊኖረን አይገባም። ማረፊያ ከተሠራ ሥራ ፈት ይሰፍርበታል የሚለውንም ሰምቻለሁ። እነዚያ ስድስት ሴቶች ማን ታሞ እንደመጣ፣ ማን ለንፍሮው እንደመጣ ለመለየት አንድ ሌሊት ይበቃቸው ነበር። ቁልፉን ለእንደነርሱ ዓይነት ሰው መስጠት ነው።

ደግሞ በሰንሰለት ታስረው ስለሚመጡት የአእምሮ ሕሙማን ምን እንበል? ቤተሰብ ጨክኖ አይደለም የሚያስራቸው፤ ሌሊት የሚዘጋ በር፣ በተራ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ነው። በርና ሁለት አስታማሚ ባለበት ሰንሰለቱ ለስንቱ ይላላ ነበር። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣና «መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ» የሚል ጽሑፍ በደብሩ ማኅተም በመጠመቂያው በር ላይ ቢለጠፍ፣ ያ አስተናባሪ ያለውን የሚል ሰው አይገኝም።

ጣሪያ ጣሪያ እያልኩ የምጮኸው ስለ አለፈው ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ አክስቴ ከተነሡት አንዷ ናት። ከመንደሩ ሰው ከፊሉ ገላን ጉራ፣ ከፊሉ ሌላ ሌላ የከተማው ጫፍ ደረሰው። ቤት ተሰጥቷታል፤ ቤቱም ከድሮው ይሻላል፤ የሻለውን የሻለ ማለት ነው። ሆኖም የሃያ ዓመት ሰንበቴዋ፣ የወር ጽዋዋ፣ ሌሊት በር ስትቆረቁር የምትነሣላት ጎረቤቷ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ተበተነ። የድሮው ካዛንቺስ ከደጇ ሳትርቅ የምታገኘውን ሰው አሁን ፍለጋ የምትወጣው ወደ ጠበል ነው። ይህን ያለችኝ ራሷ ናት። «ውኃውን ሰፈራችንም ዑራኤል አገኘዋለሁ፤ እዚያ የምሄደው ከሰው ጋር ላድር ነው» አለችኝ። ሰፈራችን የምትለው ከለቀቀች ወዲህም ያንኑ ካዛንቺስን ነው።

ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ትወጋለች። ጾሙን እንዴት እንደምትይዘው ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር ተነጋግራለች፤ ሁለቱም አስተዋዮች ናቸው። ያስቸገረው መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ነው። ባለፈው ዓመት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ውኃ በተሞላ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አቆየችው፤ ከዚያም ማሰሮውን አብራት ያደረች አንዲት ልጅ በየሰዓቱ ከጠብታው እያራቀች ታዞረው ነበር፣ ጣሪያው ያፈሳልና።

የደብሩ ወዳጄ፣ ነሐሴ አንድ ከመግባቱ በፊት የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ እንዳላችሁ ነግረኸኛል። ከአጀንዳው አንዱ የአዲሱ ፎቅ ሁለተኛ ወለል ለማን ይከራይ የሚለው ነው ብለሃል። አክስቴ እኔን የላከችኝ ወደ መርካቶ ነው፤ ስድስት ሜትር ላስቲክ ግዛልኝ ብላ።