ለቤተ ሰብ ጤና የሚሰጥ ምክር ፤ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ትከሻ

ኤሌክትሪክ ሰውን በያዘ ጊዜ ሁሉም የሚፈራው ቃጠሎውንና የልብን መቆም ነው፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከአደጋው በሕይወት ወጥቶ፥ ቁስልም ሳይታይበት፥ ክንዱን ማንሣት የተሳነው ሰው ችላ ሊባል አይገባውም። የዛሬው ምክራችን ስለዚህ ነው።

በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በያንዳንዱ ሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በሰውነት ውስጥ ባለፈ ጊዜ ጡንቻዎችን ያለ ፋታ ያኰማትራል። ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ስለሚበረቱ እጅ የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ይሳነዋል። የትከሻም ነገር እንዲሁ ነው። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ወደ ውጭ ከሚያዞሩት ይልቅ ብርቱዎች ስለ ሆኑ፥ የክንድ አጥንት ራስ ከመጋጠሚያው ወደ ኋላ ሊወልቅ፥ ሊሰበርም ይችላል። መጋጠሚያውን ከበው የሚይዙት የአራት ጡንቻዎች ጅማቶችም ሊበጠሱ ይችላሉ።

ምልክቱ ይህ ነው። ትከሻው ወደ ኋላ የወለቀ እንደ ሆነ ክንዱ ወደ ሆድ ዞሮ ይቀራል፤ ወደ ውጭ ላዙርህ ቢሉት እንቢ ይላል። ጅማት የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን ክንዱ ሌላ ሰው ሲያነሣው ይነሣል፥ በገዛ ኃይሉ መነሣት ግን ይቸግረዋል፤ ሕመሙም ሌሊት ይጠናል።

እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች የሚከተለውን ያስተውሉ። አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ማጥፋት ነው፤ ይህ ሳይሆን የተያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። ከዚያ በኋላ መተንፈሱን መመልከት፥ የታመመውን ክንድ በነጠላ አንገት ላይ ማንጠልጠልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ወጌሻ አጥንቱ መሰበሩን ሳያውቅ ቢስበው ጉዳቱን ያብሳልና፥ ራጅ ሳይነሣ ማንም አይሳበው።

ለሐኪሙም አደጋው ከኤሌክትሪክ የመጣ መሆኑን መንገር እጅግ ይጠቅማል። ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ከፊት ብቻ በተነሣ ራጅ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላልና፥ ሐኪሙ ነገሩን ካወቀ በሌላ አቅጣጫ ጭምር ያስነሣዋል። የጅማት መበጠስ ግን በራጅ ስለማይታይ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ ይመረመራል።

ሳምንታት ያለፉት ውልቃት ለመመለስ አስቸጋሪ ነው፤ የቈየ የጅማት ብጣሽም ለመስፋት ያዳግታል። በክንዱ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ይህ መዘግየት እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ቁስል አልታየም ተብሎ ጉዳት የለም አይባል።