ያልተቈጠረ አድማጭ

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ወጣቶቻችን አንዳንዶቹ፣ ተማሪዎቹ አፓረንት ለሚሉት የተግባር ልምምድ፣ ወደ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይላካሉ። ከሚሰጧቸውም ሥራዎች አንዱ የአድማጭ ጥናት ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ የትኛውን ድራማና የትኛውን ዘፈን እንደሚወድ ጠይቆ ቅጽ መሙላት ነው። ለብዙዎቹ አሰልቺ ሥራ መስሎ ይታያቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን ከማይክሮፎኑ ሥራ የማያንስ ኃላፊነት አለበት፤ ገንዘቡ የሚሄደው ቍጥሩ ወዳመለከተበት ስለ ሆነ፣ ላልተቈጠረ ሰው ዝግጅት የሚያዘጋጅለት የለም።

ሙያው በዓለም ላይ ብዙ ዘመን የቈየ አይደለም። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. የአድማጭ ጥናት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ነው። በአሜሪካም ላዛርስፌልድና ስታንተን የተባሉ ምሁራን አድማጩ የወደደውን በአረንጓዴ፣ የጠላውን በቀይ ቍልፍ እየተጫነ የሚያስታውቅበት መሣሪያ ሠሩ። የጎንደር አዝማሪ ይህን ቢሰማ ሳይሥቅ አይቀርም። እሱ ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ቤት ሲገባ የማን ፊት እንደ ፈካ፣ የማን ፊት እንደ ጠቈረ እያየ ግጥሙን እዚያው ይለውጣል፤ አድማጩም «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ራሱ ይሰጠዋል።

በአገራችንም መልካም ሥራ ተሠርቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሕዝቡ ኑሮ አስቀድሞ ተጠንቶ የተደረሰ ድራማ ነበር፤ አድማጮችም በሺሕ የሚቈጠር ደብዳቤ ጽፈዋል። ነገር ግን ደብዳቤ የሚጽፈው ፊደል የቈጠረው ነው።

እስቲ ከጉና ተራራ ወዲያ ማዶ ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እናስብ። አንዲት ራዲዮ ባለችበት ቤት ባልና ሚስት፣ ልጆችና ቡና የተጠራ ጎረቤት ሁሉ ያዳምጣሉ፤ ቅጹ ግን አንድ ሰው ብሎ ይመዘግባል። የሚጠየቀውም አባወራው ነው፤ ምድጃ አጠገብ ሆና ድራማውን ከሁሉ ይልቅ የምትከታተለው ሚስቱ አትጠየቅም። ደግሞም የአገሩ ሰው እንግዳ ያከብራል። «ዝግጅታችን እንዴት ነው?» ቢሉት፣ ሰምቶት ባያውቅ እንኳ «ደግ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» ይላል። ስለዚህ ወደዱት ወይ ከማለት ይልቅ «ባለፈው ምን ላይ አቆመ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ የሚያዳምጥ ሰው ይተርከዋል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልክ መጠየቅ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግን ግጭት በደረሰበት በአማራ ክልል መሥመሩ ሲቋረጥ ታይቷል፤ ያላነሣውም ሰው ከማያዳምጠው ጋር ተደምሮ ይቀራል። ይልቅስ ሰላምና መንገድ ሲገኝ ገበያ መውጣት ነው። በታች ጋይንት ቀኑን በስሙ የሚናገር አርብ ገበያ የሚባል ከተማ አለ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምሪት ይፈለጋል?

ወጣቶቹን ቅጹን ሻይ ቤት ተቀምጠው ሞሉት ብለው የሚወቅሱ አሉ። ወቀሳው እውነት ነው፤ ሆኖም ወደ ወገዳ ለሚሄድ ልጅ የሁለት ቀን አበል ሰጥቶ «መቶ ቅጽ ይዘህ ና» ያለው አለቃ ከወቀሳው ሊያመልጥ አይገባም። አበሉና ቀኑ በመንገዱ ልክ ይሁን፤ በቅጹም ላይ «ልንደርስበት አልቻልንም» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ አለቃውም ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ያንብብ።