የኦሞን ኃይል ለሾፌር አልባ መኪና

ከማጂ ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ኦሞ በጊቤ ሦስት ተርባይኖች ውስጥ አልፎ የመጣ ወንዝ ነው። በ2009 የተመረቀው ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእሱ በታች ኮይሻ እየተሠራ ነው። በጳጉሜን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ተመረቀ። ገዢው ግን ምረቃውን አልጠበቀም። በየካቲት 2016 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከሆንግ ኮንጉ ዌስት ዳታ ግሩፕ እህት ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። የ250 ሚሊዮን ዶላሩ ሐሳብ ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የሚሆን መሠረተ ልማት መገንባት ነው። በዳታ ማይኒንግ ስም ቢትኮይን የሚፈለፍሉት ማሽኖች ለሥልጠና አይሆኑም፤ ፍልፈላውና ሥልጠናው የሚጋሩት መብራቱን፣ ሕንፃውንና ማቀዝቀዣውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለብቻው ይመዘን፦ ይህን ኃይል ለምሳሌ ሾፌር አልባ መኪና ለሚያሠለጥኑ ሱፐር ኮምፒውተሮች መሸጥ ያዋጣል?

መሸጥ አለበት የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሥልጠናው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መኪኖች በካሜራ የቀረጹት እጅግ ብዙ ቪዲዮ ለማሽኑ ይቀርባል፤ ማሽኑ ሾፌሩ ምን እንዳደረገ ይገምታል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ደግሞ ይገምታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ስላልሆነ ማሽኑ ቴክሳስም ይቀመጥ ሚዛን ተፈሪ ለውጤቱ ልዩነት የለውም። ቪዲዮው እስኪደርስ ይጠበቃል እንጂ የሚጋጭ መኪና የለም። ርካሽ የውኃ ኃይልና ቀዝቃዛ ደጋ ላለው አገር ይህ እንጀራ ነው።

ኃይሉን ይጨርሱታል የሚለው ስጋት ደግሞ በቁጥር ሲታይ ይለዝባል። መኪና አምራቹ ቴስላ በቴክሳስ ፋብሪካው ለዚህ ሥልጠና 50,000 ገደማ ኤች 100 ቺፖች ተክሏል። አንዱ ቺፕ ሲበዛ 700 ዋት ይስባል። ሁሉም አንድ ላይ 35 ሜጋዋት፣ ማለትም ከጊቤ ሦስት አቅም 2 በመቶ አይሞላም። ማቀዝቀዣውንና ሌላውን ጨምረን እጥፍ ብናደርገው እንኳ ግድብ የሚያደርቅ አይደለም። ግን ገዢ አንድ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ2016 ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተዋዋሉት የቢትኮይን ኩባንያዎች 21 መድረሳቸው ተዘግቦ ነበር፤ በ2017 ማብቂያ መሥሪያ ቤቱ ለእነሱ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። የተረፈ የተባለው ኃይል ቶሎ አለቀ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመብራቱ ይልቅ የቺፑ ዋጋ ነው። አንዱን በ25,000 ዶላር ብናስበው 50,000ው 1.25 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። ኮይሻ በ2008 የተፈረመው በ2.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ግማሽ ግድብ በሚጠጋ ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ ግድቡ ግን ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ቴስላ ራሱ ለዚሁ ሥልጠና ዶጆ የሚባል የራሱን ሱፐር ኮምፒውተር በ2011 አስተዋወቀ፤ በ2013 ቺፑን አሳየ፤ በ2015 ማምረት ጀመረ። በነሐሴ 2017 ቡድኑን በተነ፤ ኃላፊው ኢሎን መስክም መንገዱ የማያስኬድ ሆኖ መገኘቱን ተናገረ። ቴስላ ኪሳራውን ይችለዋል። አንድ የመንግሥት ድርጅት ተበድሮ ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ዕዳው በማን ላይ ይወድቅ እንደነበር መገመት አያቅትም። ስለዚህ ማሽኑን የሚያመጣው የውጭ ኩባንያ፣ ኃይሉን የሚሸጠው እኛ፣ ውሉም አጭርና በውጭ ምንዛሪ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

አይሸጥ የሚሉት ግን የሚያነሱት የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም። የአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በጨለማ ነው፤ ቴፒ ላይ መብራት ሲሄድ የቡና መፈልፈያው በጄኔሬተር ይነሳል ወይም ይቆማል። ከኦሞ በታች ደግሞ እንደ ሙርሲና ቦዲ ያሉ ሕዝቦች ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው እርጥበት ላይ ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ያንን ሙላት አስቀርቷል። ለኃይሉ የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ኃይል የካሊፎርኒያን ጎዳና የሚማር ማሽን ማስነሳት ቢያስቆጣ አይገርምም።

የተማረው መኪናስ ወደኛ ይመለሳል? በትልቁ ሥልጠና የሚያምኑት፣ ብዙ መንገድ ያየ ማሽን ያላየውንም ይገምታል ይላሉ። የሾፌር አልባ መኪና ኩባንያው ዌይሞ በ2013 ያለ ሾፌር ሕዝብ ማመላለስ የጀመረው ግን ሰፊ ደረቅ አስፋልት ባላት የአሜሪካ ከተማ ፊኒክስ ነው። ከሚዛን በባቹማና በጀሙ አድርጎ ወደ ማጂ የሚወጣ አይሱዙ በክረምት ከጭቃ፣ ከጉምና ከከብት ጋር ነው ጉዳዩ፤ ረዳቱ ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል፣ የጭቃውንም ጥልቀት በእግሩ ይለካል። የረዳቱን ሥራ የሚሠራ ካሜራ ገና አላየሁም። የሚያንቀላፋ የቡና ጫኝ ሾፌርን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ግን ግዙፍ ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ያን የመሰለ ሥራ እዚሁ አዲስ አበባ በጥቂት ማሽን ሊሠለጥን ይችላል።

ወደ መብራት እጦቱ ስንመለስ፣ ጨለማው የሚበረታው በአብዛኛው ውኃ አንሶ ሳይሆን መስመርና ትራንስፎርመር ጎድሎ ነው፤ እንሽጥ የሚሉት በዶላሩ መስመር እንዘረጋለን የሚሉትም ለዚህ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ከ2006 ወዲህ አመንጭቶ በጅምላ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ወደ ቤት የሚያደርሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ካዝና። ዶላሩ የሚገባው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ማጂ ላይ ምሰሶ መትከል ያለበት ሁለተኛው ነው። ከሽያጩ ምን ያህሉ ወደ ማከፋፈያ መስመር እንደሚሄድ፣ ለኦሞ ዳር ሕዝብም ምን እንደሚደርስ በውሉ ላይ በቁጥር ተጽፎ ካየሁ እንሽጥ ከሚሉት ጋር ነኝ። ካልተጻፈ ግን ከሌሎቹ ጋር።