«የሙስሊም ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ



በዚህ ወር በዓምዳችን ስለ ገበታ እንወያያለን። የምንወያየው ግን እናቶቻችን በቤት ስለሚያቀርቡት ገበታ ሳይሆን ሰው ተጋፍቶ በሚበላበት ምግብ ቤት ስለሚቀርበው ገበታ ነው።

ከቤት ውጭ መብላት ለአባቶቻችን የመንገደኛና የሩቅ ነጋዴ ነገር ነበር። ዛሬ ሥራውም ትምህርት ቤቱም ከመኖሪያችን ርቋል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ለምሳ ወደ ቤቱ ሊመለስ አይችልም፤ ተማሪውም እንዲሁ። በመርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ የዙህር ሶላት ሲያበቃ የሚሆነውን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ምግብ ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። እጅ መታጠቢያው ጋ ሰልፍ አለ፤ አስተናጋጁ ሳህኖቹን በክንዱ ላይ ደርድሮ «አንድ ሩዝ በሥጋ! ሁለት ፉል!» እያለ ወደ ማድ ቤት ይጣራል፤ በየጠረጴዛው ራስጌ ወንበር እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

ቤቱን የማያውቅ ሙስሊም ወደዚህ ግርግር ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የሙስሊም ነው?»

ጥያቄው ከየት መጣ?

በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በቡናው፣ በለቅሶው፣ በእድሩ አብረው ሲኖሩ ሥጋን ግን ለየብቻ መብላት የቆየ ልማድ ነው። በሥጋ ቤቱ በራፍ ላይ ጨረቃና ኮከብ ወይም መስቀል ተስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። መልካም ክርስቲያን ጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ገዝቶ «እናንተው እረዱት፣ እናንተው ሥሩት» ይላል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ወዳጁ እንደዚያው ያደርጋል። ማንም በዚህ አይቀየምም። እንዲያውም መከባበር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ «የሙስሊም ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ በክት፣ ደም፣ የአሳማ ሥጋና ከአላህ ስም ሌላ ስም ተነስቶበት የታረደ ሐራም መሆናቸው ተደንግጓል። በዚያው ሱራ ውስጥ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተነገረም አለ፤ የርሱን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተዋለን።

ከመርካቶ ውጭ ሲሆን

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ነበር። ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ የተባለው ጣሊያን ከተማይቱን በያዘበት ዘመን (1928 – 1933 ዓ.ም.) ነው። የየመን አረቦች በከተማይቱ ሱቅ ከፍተው ከመስፋፋታቸው የተነሳ የሰፈር ሱቅ እስከ ዛሬ «አረብ ቤት» ይባላል። ፉሉም የአረብ ምግብ ነው። ግሪኮች ደግሞ በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ መጥተው ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋር በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ሰፈሩ፤ ሆቴልና ቡና ቤት፣ መጠጥ ቤትና ዳቦ ቤት ከፈቱ። ከ1967 ዓ.ም. የደርግ ውርስ በኋላ አብዛኞቹ ቢሄዱም የውጭ አገር ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በከተማችን እየበዙ መጥተዋል። ወጣቶቻችንም በመሥሪያ ቤት ግብዣ ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደነዚህ ቤቶች ይገባሉ።

የግሪክን ምግብ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አገራቸው ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ በዑስማንያ መንግሥት ሥር ስለነበረች ብዙው ምግባቸው ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። በወይን ቅጠል የሚጠቀለለው ዶልማ፣ የተፈጨ ሥጋ ድብልብሉ፣ ባቅላዋው ሁሉ በኢስታንቡልና በደማስቆ ገበታ ላይ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ስሙና መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ አንታለል። ሱቭላኪ የሚባለው፣ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰው ሥጋ፣ በግሪክ አገር በብዛት ከአሳማ ይሠራል። ስቲፋዶ የተባለው በሽንኩርት የሚሠራ የሥጋ ወጥም ብዙ ጊዜ የወይን ጠጅ ይገባበታል። ዓሣው፣ የባቄላና የአደንጓሬ ሾርባው፣ ሰላጣው ከወይራ ፍሬውና ከአይቡ ጋር ግን ወይን ጠጅ ካልተጨመረበት ለሙስሊም ይበቃል። የባሕር እንስሳ የተፈቀደ መሆኑም በዚያው በማኢዳ ሱራ ተነግሯል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ሥጋው የማን እርድ ነው? በምን ስብ ተጠበሰ? መረቁ ውስጥ መጠጥ አለ? ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በፈገግታ ከጠየቅን አስተናጋጁ ደስ ብሎት ይመልሳል። በጠረጴዛችን ላይ መጠጥ የሚቀዳ ከሆነ ግን እኛ ባንጠጣውም ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ከልክለዋል። ወጣቶች ሆይ፣ አስቀድሞ «እኔ ከመጠጥ ጋር አልቀመጥም፤ ምሳ ከሆነ ግን በደስታ እመጣለሁ» ማለት ከተቀመጡ በኋላ ከመሸማቀቅ ይሻላል። የሚያከብረን ጓደኛ ይረዳናል።

ከሥጋው በኋላ ያለው ሐላል

እስካሁን ያልነውን አብዛኛው ቤተሰብ ያውቀዋል። ዋናው ነገራችን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙዎቻችን «አዎን፣ የሙስሊም ነው» የሚለውን መልስ ከሰማን በኋላ የዲን ጉዳይ እዚያው በራፉ ላይ ያለቀ ይመስለናል። በራፉን አልፈን ስንቀመጥ የምናደርገውን እንመልከት።

አንደኛው፣ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው። በልተን ጨርሰን፣ ሻሂያችንን ጠጥተን፣ ወንበሩን ይዘን ስለ ዋጋና ስለ ኳስ ስናወራ ከጀርባችን የተራበ ሰው ይቆማል። ቁርኣን በሱረቱል ሙጃደላ በመቀማመጫ ቦታ ላይ ለሌላው ስፍራ እንድናሰፋ ያዛል። በሱረቱል አሕዛብ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት የተጋበዙ ሰዎች በልተው ሲጨርሱ እንዲበተኑ፣ ለወሬ እንዳይቀመጡ ተነግሯቸዋል። ይህ አደብ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ከተፈለገ በመርካቶ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ምንኛ ይፈለግ!

ሁለተኛው፣ አስተናጋጁ ነው። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣ ለጋ ወጣት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ይውላል። ጣት እያጮህን፣ ጠረጴዛ እየመታን «አንተ! ስማ!» የምንለው እርሱን ነው። አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ!» እንዳልተባሉ ተናግረዋል። አገልጋይ ምግብ ሲያቀርብ አብሮ ባይቀመጥ እንኳ አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲሰጠው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል፤ የምግቡን ሙቀትና ድካም የተሸከመው እርሱ ነውና። ምግብንም ነውረው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል። ጨው በዛ ብሎ በሰው ፊት መጮህ ከየት የተማርነው ነው?

ሦስተኛው፣ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ነው። በዓይናችን ርቦን እናዝዛለን፣ በሆዳችን ጠግበን እንተዋለን። መርካቶ ውስጥ ከምግብ ቤት የሚወጣው ትራፊ «ቡሌ» ተብሎ የሚበላው የሰው ልጅ እንዳለ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። እኛ በእጃችን ያቦካነውን ወንድማችን ከጉርድ ቆርቆሮ ይበላዋል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ከተማርን ለአራት ሰው ሦስት ማዘዝ፣ ካነሰ መጨመር፣ ንጹሕ ሆኖ የተረፈውን ደግሞ ሳይነካካ አስጠቅልሎ ለተራበ መስጠት ይቻላል።

አራተኛው፣ ሶላት ነው። ምግብ ቀርቦ ሳለ ሶላት ቢቆም መጀመሪያ እንድንበላ ሐዲሱ ፈቅዶልናል፤ ልባችን ከሳህኑ ጋር እንዳይቀር ነው። ይህ ግን መግሪብ ሊገባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዐስርን ሳይሰግዱ ጥብስ ለማዘዝ ፈቃድ አይደለም።

«እርሷስ?»

አምስተኛውን ለብቻው ያቆየነው ከሁሉም ስለሚረሳ ነው። በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቶቻችንን የሚሞላው በአብዛኛው ወንድ ነው። አባወራው ከጓደኞቹ ጋር መንዲ ይበላል፤ ሚስቱ ቤት ውስጥ ልጆቹን አብልታ የቀዘቀዘውን ትቀምሳለች። በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ጥሩ መረቅ የሚሠራ ፋርሳዊ ጎረቤት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠርቶ ሊጠራቸው መጣ። ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ትጠራ እንደሆነ ጠየቁት። አይደለም አለ፤ እርሳቸውም ግብዣውን አልተቀበሉም። ዳግመኛ መጣ፤ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው እርሷም ትምጣ ባለ ጊዜ ሁለቱም ተከታትለው ወደ ቤቱ ሄዱ።

አባቶችና ባሎች ሆይ፣ ከዚህ በላይ ምን ትምህርት እንፈልጋለን? በወር አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ሚስትንና ልጆችን ይዞ ወጥቶ አብሮ መብላት ቅንጦት አይደለም። የኪስ ነገር ከሆነም ፉልና ዳቦ ይበቃል። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ቤተሰብ ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት ጥግ ወይም መጋረጃ ያለው ክፍል ቢያዘጋጁ፣ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ቢያሟሉ፣ ዋጋውን በግልጽ ቢጽፉ በረካ ያገኙበታል። ጨረቃውን በራፉ ላይ የሰቀለ ሰው አደራ ተሸክሟልና እርዱንም ንጽሕናውንም ይጠብቅ።

ልጆቻችን ዲንን ከመድረሳ ብቻ አይማሩም። አባታቸው ለአስተናጋጁ እንዴት እንደሚናገር፣ ለቆመው ሰው ወንበር ይለቅ እንደሆነ፣ እናታቸውን ያስቀድም እንደሆነ እያዩ ይማራሉ። እንግዲህ «የሙስሊም ነው?» ብለን ቤቱን ስንጠይቅ ቤቱም እኛን ተመልክቶ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቅ መልሳችን «አዎን» የሚሆን ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።