የሙሽሪት ፀጉር

የሠርግ ወራት በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሣል፤ ሙሽሪት ሹሩባ ብትሠራ ኃጢአት ይሆንባታል ወይ? የሚጠይቁን እናቶች አብዛኛውን ጊዜ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3ን እና 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9ን ይዘው ይመጣሉ።

ክፍሎቹን ደግመን ስናነብ ሹሩባው ብቻውን እንዳልተነሣ እናስተውላለን፤ ወርቅና ውድ ልብስ አብረውት አሉ። በዚያ ዘመን በሮም ግዛት ባለጠጋ ሴቶች ፀጉራቸውን በባሪያዎች እጅ ለረጅም ሰዓት ያሠሩ ነበር። እንዲያ ተሠርቶ ጉባኤ መካከል መቀመጥ ለድሃዋ እህት ምን እንደሚላት መገመት አያዳግትም። እኛ ዘንድ ግን ሹሩባ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የምትሠራው ነው። ዛሬ የከበደው ሌላ ነው፤ በብድር የተገዛ ሂውማን ሄር፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ የተያዘ ሳሎን።

አንዲት እህታችን በፀጉሯ ምክንያት ከሁለት ሰዓት በላይ አርፍዳ ደረሰች። መዘምራኑ ያላቸውን መዝሙር ሁሉ ጨርሰው ነበር። እያለቀሰች ገባች። ማንም አልተቆጣትም፤ ነገር ግን ያን ዕለት ስለ ቃል ኪዳን የተሰበከውን ከእኛ የሚያስታውስ የለም። (ፀጉሯ፣ እውነት ለመናገር፣ አምሮባት ነበር።)

እህታችን ሆይ፣ አጊጪ። ኢሳይያስ 61፥10 የሙሽራን ጌጥ በደስታ እንጂ በነቀፋ አያነሣውም። ዋጋውን ግን አስቀድመሽ ከእጮኛሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ዕዳ ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ይቅር። ሹሩባ ከወደድሽም ዐርብ ማታ እናትሽ ትሥራልሽ፤ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁ የምትጸልዩበት ጊዜ ይተርፋችኋል።