ጠመንጃውን ቆጠርን፤ ጥይቱንስ ማን ይቁጠር?

በአሜሪካ የተተኮሰበትን የሽጉጥ ቀለህ ለቅሞ፣ ቤት ውስጥ አዲስ ባሩድና እርሳስ አጉርሶ መልሶ መተኮስ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጀማሪው መጭመቂያውን፣ ሚዛኑንና መመሪያ መጽሐፉን ከሱቅ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ይቀመጣል። ገንዘብ ይቆጥብበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከፋብሪካ ጥገኝነት የተላቀቀ ይመስለዋል። «ይመስለዋል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ነው፦ ቀለሁ፣ እርሳሱ፣ ባሩዱ፣ እንዲሁም በቀለሁ ቂጥ የተሰካችው ትንሿ ማቀጣጠያ። ቀለሁን መልቀም፣ እርሳሱን ማቅለጥ ይቻላል። ጭስ አልባው ባሩድና ማቀጣጠያዋ ግን የኬሚካል ኢንዱስትሪ ልጆች ናቸው። ሰውየው «ነጻ» የሆነው ሁለቱን የሚሸጥለት ሱቅ በሰፈሩ ስላለ ብቻ ነው።

ይህችን ነጥብ ይዘን ወደ አገራችን፣ ወደ መካነ ሰላም እንሻገር። ከአባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ ጥይት መዝናኛ ሆኖ አያውቅም፤ ንብረት ነው። ገበሬው ዝናሩን እንደ ጎተራው ይጠብቃል። ጥይት ገንዘብ ነው ሲባልም ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የዎጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ መገበያያ ሆኖ አገልግሏል።

ይህ ደጋ ስለ መሣሪያ ጥገኝነት ከማንኛውም የአገራችን ክፍል የበለጠ የሚናገረው አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ መድፍ አሠርተው፣ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አካባቢ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ድረስ አመጡ። የፈለጉት ግልጽ ነበር፤ መሣሪያን ከመለመን መሥራት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ግን ከመድፎቻቸው አንዱ ባሩዱ ከልኩ በላይ ጎርሶ ኖሮ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። (ዛሬም ቀለህ መሙላት ለሚጀምር ሰው የሚነገረው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፤ ባሩድ በሚዛን እንጂ በግምት አይሆንም።) ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ደግሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር።

በዚያ ዘመን ጥቁሩ ባሩድ ከከሰልና ከድኝ ጋር እየተቀመመ በአገር ቤት ይሠራ ስለነበር ባለጠመንጃው በመጠኑም ቢሆን ራሱን ይችል ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲመጣ ግን የጥይት ሥልጣን ከባሩድ ቀማሚው እጅ ወጥቶ ፋብሪካና ወደብ ወደ ያዘው ወገን ተሻገረ። ዐፄ ምኒልክ የጥይትን ክብደት በሚገባ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። አምባሰል ውስጥ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ባጨቃጨቀበት ወቅት ጣልያን ንጉሠ ነገሥቱን ለማለሳለስ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተረከቡ፤ በዚያው በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ወረራ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ከለከሉ። ክልከላው በቃል ለሁለቱም ወገኖች ነበር፤ ነገር ግን ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጓል። የአዋጁን ዓላማ አልቃወምም፤ መሣሪያ ያለ ሥርዓት በእጅ የሚዞርበት አገር ማንም አይጠቀምበትም። ቅሬታዬ የቁጥጥሩ ዐይን በገበሬው ጓዳ ላይ በመተከሉ ነው። የገበሬው ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ አይሻልም፤ ጥይቱን ደግሞ ገበሬው አይሠራውም፣ ሊሠራውም አይችልም። እንግዲህ በቦረና ገበያ በምስጢር የሚሸጠው እያንዳንዱ የክላሽ ጥይት ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ወደዚያ ደጋ የደረሰውም ወይ ድንበር አልፎ፣ ወይ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሾልኮ ነው። ሁለቱም በሮች በመንግሥት እጅ ያሉ እንጂ በገበሬው እጅ ያሉ አይደሉም።

«ሕዝቡ ትጥቁን ይፍታና ሰላም ይሁን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ደመኛው ጎረቤቱ የሆነ፣ ከብቱ በሌሊት ቢነዳ ፖሊስ በሰዓቱ የማይደርስለት፣ የወሰን ክርክሩ ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበት ሰው ይህን ምክር እንዴት እንደሚሰማው ለአንባቢ እተወዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት ደግሞ ምክሩ ይበልጥ ባዶ ሆኗል። ቤት ለቤት ፍተሻ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ወደ ጉድጓድ ከመክተት፣ የጥይቱንም ዋጋ ከማናር ያለፈ ውጤት ይኖረዋል ብዬ አልጠብቅም።

መንግሥት ከልቡ ከሆነ መጀመር ያለበት ከቀለሁ ነው። በወታደራዊ ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ብዙውን ጊዜ ተቀርጾ ይገኛል። ከየግጭቱ ሥፍራ የተለቀመው ቀለህ ተመዝግቦ የት እንደተሠራ ቢጣራ፣ ጥይቱ በየትኛው በር እንደወጣ ለመገመት ሩቅ አይሆንም። አገራችን በአምቦ አቅራቢያ የራሷ የጥይት ፋብሪካ፣ ሆሚቾ፣ አላት። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ስለ ወሎ ገበሬ ጠመንጃ ከመጠየቁ በፊት የሆሚቾን የምርት መዝገብና የግምጃ ቤቶችን የወጪ ሰነድ አስቀርቦ ያመሳክር፤ ውጤቱንም በይፋ ያውጣ።