«ወድቄ ነው» ማለት ይቅርብን



ክረምት በገባ ቁጥር የምናየው ነገር ነው። ውሃ የጠገበ ያረጀ የጭቃ ግድግዳ ይናዳል፤ ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ መንገደኛ ይነክሳል፤ መኪና በጭቃው ላይ ወደ ኋላ ሲል ሰው ይገጫል። ተጎጂው ተደግፎ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «አይ፣ ወድቄ ነው» ይላል። ቤቱ የጎረቤት ነዋ! ባለቤቱም የዕድር ባልደረባ፣ ምናልባትም የልጁ የክርስትና አባት ነው። ለሐኪም መናገር እንደ መክሰስ ይቆጠርና በይሉኝታ ይታለፋል።

ይህች የጨዋነት ቃል ግን እዚያው አትቀርም። ከነቀኗ በሕክምና ካርዱ ላይ ትጻፋለች። ከወራት በኋላ እግሩ አልድን ብሎ፣ ገንዘቡም አልቆ፣ ነገሩ ከሽማግሌ አልፎ ፍርድ ቤት ሲደርስ ካርዱ ይቀርባል። «ከሳሽ ራሱ ወድቄ ነው ብሎ የለም እንዴ?» ይባላል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የችግሩ ሥር ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ማየታችን ነው። አንደኛው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ጉዳቱ ከምን መጣ?» የሚለው ነው። በሰፈር የምንከራከረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። «አስቦ አላደረገውም»፣ «ዝናቡ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ»፣ «ውሻው አምልጦት ነው» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል። ቁጥር 2077 ስለ ሕንፃ ተመሳሳይ ነገር ይደነግጋል። ቁጥር 2081 ደግሞ መኪናን ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ካላስረዳ በቀር። እንግዲህ «ልጄ ሳያስፈቅደኝ ይዞት ወጥቶ ነው» የሚለው ልጁን ለመቆጣት ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለተጎጂው መልስ አይሆንም። (በነገራችን ላይ ግድግዳ ሲናድ የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ነው እንጂ ተከራዩ አይደለም። ከቤቱ ውስጥ ዕቃ ወድቆ ሰው ሲመታ ግን በቁጥር 2080 መሠረት የሚጠየቀው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። በቀበሌ ቤት የምትኖሩ ይህን ልብ በሉ።)

እንዲህ ባለው ጉዳይ ተጎጂው የሰውየውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልገውም ማለት ነው። የሚጠበቅበት በቁጥር 2141 እንደተነገረው የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ነገር ማስረዳት ነው። ይኸውም «ግድግዳው የእሱ ነው፤ እግሬን የሰበረኝም ያው ግድግዳ ነው» የሚለውን ነው። ትግሉ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ወድቄ ነው» ያለ ሰው የሰጠው ሌላ ነገር አይደለም፤ ይህንኑ ነው።

ደግሞ የእኛ ደግነትም ማስረጃ ያጠፋል። ግድግዳው በተናደ ማግስት ጠዋት ወጣቱ አካፋ ይዞ ይወጣና በደቦ ፍርስራሹን ጠርጎ መንገዱን ይከፍታል። እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገር ግን ከመጠረጉ በፊት አንዱ በስልኩ ፎቶግራፍ ቢያነሳው ምን ይጎዳል? ያየውም ሰው የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳየ በዚያው ቀን ይጻፍ። «አይቻለሁ» እና «ሲሉ ሰምቻለሁ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ግን ሁለቱ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

የውሻው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ሰው ከተነከሰ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ውሻው ተገድሎ ይቀበራል። የማን ውሻ እንደነበረ ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ በኋላ ግን ባለቤት አይገኝለትም። ከካሣውም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ሲጠበቅ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት የእብደት በሽታ አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የተቀበረ ውሻ ይህን አይነግረንም። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ክትባቱን ለመጀመርም የውሻውን 10 ቀን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሮጥ ግድ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅም «የእገሌ ውሻ ነው የነከሰኝ» ማለት ነው።

ሽማግሌዎቻችንንም ላስቸግር። ዕርቅ መልካም ነው፤ እኔም ከፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ዕርቅን እመርጣለሁ። ሆኖም እግሩ ገና በጀሶ ያለን ሰው «ይህን ያህል ብር ተቀበልና ፈርም» ማለት ተገቢ አይደለም። በቁጥር 3312 እንደተደነገገው እንዲህ ያለው ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። እግሩ ቢያጥር፣ ሥራውን ቢያጣ፣ ተመልሶ መጠየቅ ይቸግረዋል። የሚሻለው ለማሳከሚያ የተሰጠውን ብቻ መጻፍ፣ የቀረው ሐኪሙ የመጨረሻውን ከተናገረ በኋላ እንዲታይ ማድረግ ነው። ነገሩን በቀጠሮ ማንዘላዘልም አደጋ አለው። ካሣ መጠየቂያው ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በወንጀል ሕግ ከዚህ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር ከዚያ በኋላ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ እንጨርሰዋለን» እየተባለ ስንቱ ነው ጊዜው ያለፈበት!

«ይህማ ጎረቤትን ከጎረቤት ማጋጨት ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። እኔ ግን ለባለቤቱም እቆረቆራለሁ። የተጻፈ ነገር ከሌለ የድሮ የወገብ ሕመም ሁሉ በእሱ ግድግዳ ይሳበባል። ውሻውን በድንጋይ ሲነካካ የነበረውም ሰው ይህንን ደብቆ ሙሉ ካሣ ይጠይቃል። ሕጉ የተጎጂውን ጥፋት አይቶ ካሣውን ይቀንሳል፤ ግን ያየ ሰው መናገር አለበት። እውነቱን ለሐኪም መንገር ክስ አይደለም። ከሳሽ መሆን አለመሆን በኋላ የሚታሰብ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ደብተር እንዲከፍት ሐሳብ አቀርባለሁ። በሰፈሩ አደጋ ሲደርስ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የንብረቱ ባለቤትና ያዩት ሰዎች ስም ይጻፍበት፤ ያዩትም ይፈርሙ። ማን አጠፋ የሚል ዓምድ አይኑረው። ደብተሩን የማኅበሩ ጸሐፊ ይያዘው፤ ተጎጂውም ባለቤቱም ግልባጭ ይውሰዱ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንነጋገርበት።